የአርሊን የሚያፏጭ ስልክ

የአርሊን ቲቦዶ ቀን ብዙ ወጪ የለበትም። ዳቦና ወተት፣ የሁለቱ ልጆቿ ምሳ፣ ለመኪናዋ ትንሽ ቤንዚን፤ ተደምሮ ሦስት ዶላር አይሞላም። በርሊንግተን ከተማ ያለው፣ በስልክ የምትሠራበት ኮምፒውተር ግን በሰዓት አሥር ዶላር ያስከፍላል፤ ብትሠራበትም ዝም ብላ ብታፈጥበትም። ከፋዩ አሠሪዋ፣ የከብት መኖ ነጋዴው ሚስተር ጋፍኒ ነው። ለእሷ ለራሷ በሰዓት ሁለት ዶላር ይሰጣታል።

የሱቁ ስልክ እረፍት ስለሌለው፣ በስልክ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚጻጻፈው የጽሕፈት ማሽን የተቀመጠው እሷ ወጥ ቤት ነው። ትደውላለች፤ የኮምፒውተሩ ፉጨት ሲመጣ የስልኩን እጀታ ማሽኑ አጠገብ ባለው የጎማ ማቀፊያ ላይ ታስተኛና የደንበኞችን ሒሳብ ትጽፋለች። ልጆቿን ሳትለይ የምትሠራው ሥራ በእኛ በኩል ሌላ የለም።

ችግሩ፣ እዚህ መንገድ ላይ ያለን አምስት ቤቶች የምንጠቀመው በአንድ መስመር ነው። አንዱ ሲያወራ ሌላው አንስቶ ይሰማል።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከእኔ ቀጥሎ የሚኖሩት አሮጊቷ ወይዘሮ ኮልበርን ስልክ ቢያነሱ ፉጨት ሰሙ። አስም ያፈነው ሰው መሰላቸው። እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዲነክር መከሩት። ድምፃቸው አርሊን ወረቀት ላይ የተዘበራረቀ ፊደል ሆኖ ወጣ፤ ኮምፒውተሩም ከሥሩ «ምን?» ብሎ ጻፈ። እሳቸው ውሃው ውስጥ ስለሚጨመረው ሰናፍጭ ቀጠሉ፤ እሱም «ምን?» አለ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ ሥራው ሁሉ ጠፋ፤ ክፍያው ግን አልጠፋም።

ሚስተር ጋፍኒ፣ ይኼ ከተደገመ ማሽኑንም ሥራውንም እንደሚወስድ ነገራት። አርሊን እኔን አስከትላ አሮጊቷ ዘንድ ሄደች።

«ሰው አይደለም እኮ፣ ወይዘሮ ኮልበርን፤ ኮምፒውተር ነው። አርባ ሰው ባንዴ ያስተናግዳል።»

«አርባውንም ይሰማል?»

«ለእያንዳንዱ በተራ፣ ትንሽ ትንሽ። ሁሉም ግን ለእኔ ብቻ ነው የሚሠራው ይላል።»

«ባሌም እንዲህ ነበር ልጄ፤ ያውም ለሁለት ሴት አቃተው።»

መስመሩን እሳቸው ራሳቸው እንደሚጠብቁልን ቃል ገቡ። ዓርብ የወሩ ሒሳብ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ሰው አንስቶ እንደሆነ ለማጣራት ስልካቸውን አነሱ። አንስተውም አልቀሩ፣ ልጅቷ ሥራ ላይ ስለሆነች ማንም እንዳያነሳ አስጠነቀቁ። ኮምፒውተሩ «ምን?» ብሎ ሄደ።

ሚስተር ጋፍኒ ማሽኑን ሊጭን ሲመጣ ከበደው። የሚያግዘው ሰው እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም፤ ከዚያ በፊት ያለችው ዓርብ ሥራው ካለቀ ማሽኑ ባለበት ይቆያል ብሏታል። አንድ ዓርብ አለን ማለት ነው፤ ይበቃናል።

አርሊን እናንተን የአካባቢያችንን ሰዎች የምትለምነው ይህን ነው፦ እባካችሁ፣ የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ኮልበርንን ቤቱ ጠርቶ ካርታ የሚያጫውት ሰው ይኑር። ስልክ የሌለው ቤት ቢሆን ይመረጣል።