ሻጋታ መስሎኝ የጠረግኩት ቅጠል

አሁን ነገሩ በደኅና ስላለቀ ሳልሸማቀቅ መጻፍ እችላለሁ። ባያልቅ ኖሮ ለማንም አልናገረውም ነበር፤ ይህን ስል ራሴን እያመሰገንኩ አይደለም።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ዕፅዋት ታጠናለች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመጨረስ ጥቂት ነው የቀራት። ክረምቱ እንደወጣ ከትምህርት ጓደኞቿ ጋር ከአዳማ ወደ ሶደሬ በሚወስደው አቅጣጫ ካለ ገደል ወርዳ ሦስት እግር ትናንሽ ተክል ይዛ መጣች። ቁመቷ ከስንዝር አይበልጥም። ሥሯን ከአለት ስንጥቅ ውስጥ ሰክታ የምትኖር፣ ሐምራዊ አበባ ያላት ተክል ናት። የልጄ መምህር መጻሕፍቱን ሁሉ አገላብጠው፣ እስከ ዛሬ ማንም ያልመዘገባት ዝርያ ሳትሆን እንደማትቀር ነገሯት። እንግዲህ የልጄ ሥራ ይህችን ተክል መግለጽ ሆነ። ቅጠሏን ትለካለች፣ የአበባዋን ክፍሎች ትቆጥራለች፣ ከቅርብ ዘመዶቿ በምን እንደምትለይ በጽሑፍ ታሰፍራለች። ለዚህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የሚያስቀምጠው የደረቀ ናሙና የግድ ነው። ናሙናው ጋዜጣ መካከል ገብቶ፣ በሁለት ጣውላ ተጠፍንጎ ይደርቃል። ጋዜጣው እርጥበቱን ስለሚጠጣ በየቀኑ ይቀየራል።

ለአምስት ቀን አዲስ አበባ መሄድ ሲኖርባት አደራውን ለእኔ ሰጠችኝ።

«አባዬ፣ ወረቀቱን ብቻ ይቀይሩልኝ። ሌላ ምንም አይንኩ።»

«እኔ ልጅ ነኝ?» አልኳት።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ወደ ወደብ ለሚመላለሱ መኪኖች ጭነት እያሰርኩ ጀመርኩ፣ ኋላ ሹፌር ሆንኩ። ያወቅኩትን ሁሉ ያወቅኩት በራሴ አንብቤ ነው፤ ልጆቼንም «ንጹሕ ያልሆነ ሥራ ሥራ አይባልም» እያልኩ አሳድጌአለሁ። በራሱ የተማረ ሰው ግን አንድ ጉድለት አለበት። አስተማሪውም ተማሪውም እሱው ስለሆነ የሚያርመው የለም።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ስቀይር ከቅጠሎቹ ሥር እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር አየሁ። ጋዜጣው ርጥብ ነበር። ሻጋታ ነው ብዬ ፈረድኩ። ስልክ ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር፤ አልጠየቅኩም። ለስላሳ ጨርቅ በውኃ ነካ አድርጌ፣ ሦስቱንም ተክሎች ቅጠል በቅጠል ጠረግኳቸው። ነጩ ለቀቀ፣ አረንጓዴው ወጣ። ስጠርግ አበባዎቹም ረገፉ፤ እነሱንም ሰብስቤ ጣልኩ። በጣም ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ልጄ ደወለች። ድምጿ ይስቃል። «አባዬ፣ መምህሬ ከመምጣቴ በፊት ያነሳኋትን ፎቶ አይተው ምን እንዳሉ ያውቃሉ? የሚለያት ከቅጠሏ ሥር ያለው ነጭ ጸጉር ነው። ዘመዶቿ በሙሉ ራሰ በራ ናቸው!»

«እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

የዚያን ቀን ያሰብኩትን እውነቱን ልጻፍ። እርጥበቱ ነው ያበላሸው ልላት አሰብኩ። ታምነኝ ነበር። እኔ ለልጆቼ ውሸት ከስርቆት ይብሳል ብዬ ስመክር የኖርኩ ሰው፣ ውሸቱን ከነአነጋገሩ አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር። ልትደርስ ስትል ግን የተጠረጉትን ቅጠሎች አየኋቸው፤ ከዚያ ውሸት ጋር አንድ ቤት መኖር እንደማልችል ገባኝ።

ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «አጥፍቻለሁ» አልኳት። ይህን ቃል ለልጆቼ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ሁሉንም ነገርኳት።

ጋዜጣውን ገልጣ ቅጠሎቹን በማጉያ መነጽሯ አየች፣ አገላበጠች። እናቷ ከበሩ ሆና፣ «ይህን ሰውዬ ሠላሳ ዓመት አትንካ ስለው ነው የኖርኩት» አለች።

«አባዬ፣ እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር?» አለች ልጄ በመጨረሻ።

«አንድ ሰዓት ሙሉ እመክርሽ ነበር።»

«እንግዲያው ራስዎን ይምከሩ። እኔ ገመድ ልፈልግ።»

ጥቅምት እየገባ ነበር። ተክሏ የምታብበው ዝናቡ እንዳበቃ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። አበባ ያላት ካልተገኘች እስከሚቀጥለው ክረምት መጠበቅ ነው፤ ምረቃዋም በዓመት ይዘገያል። በማግሥቱ ጠዋት የድሮ የጭነት ገመዴን ይዤ አብሬአት ሄድኩ።

ከገደሉ አፋፍ ፍየል የሚጠብቁ አዛውንት አገኘን። «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላም አሉን፤ ልጄ በኦሮምኛ መለሰችላቸውና የምንፈልገውን ነገረቻቸው። ሳቁ።

«ፍየሎቼ ሊበሉ ሞክረው ያቃታቸው ይቺን ብቻ ነው» አሉ በአማርኛ።

«ስሟ ማን ይባላል?» አልኳቸው።

«ማቃ ሂን ቃብዱ፤ ስም የላትም። የማትበላ፣ የማታድን፣ ማን ስም ያወጣላታል?»

ገመዱን ከግራር ግንድ ጋር አሰርኩ፤ ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። «እኔ ልውረድ» አልኳት።

«አባዬ፣ እርስዎን ማን ይስባል?»

«እውነቷን ነው» አሉ አዛውንቱ እኔን ከላይ እስከ ታች አይተው። «እኔ ፍየል እንጂ በሬ ስቤ አላውቅም።»

ወረደች። ሁለታችን ገመዱን ይዘን ቆምን። ከታች ድምጿ ይመጣል፤ «ይቺ ረግፋለች... ይቺም...» ከዚያ ዝም አለች። የገመዱን መወጠር ብቻ በእጄ እየሰማሁ፣ በዚያች ዝምታ ውስጥ ለልጆቼ የሰጠሁት ምክር ሁሉ አንድም አልጠቀመኝም።

«አባዬ! ጥላው ውስጥ ያሉት አልረገፉም! አብበዋል!»

«ጸጉሩስ?» ብዬ ጮህኩ።

«እንደ ጥጥ!»

ከነሥራቸው ሁለት ብቻ ነቅላ ሌሎቹን ተወቻቸው። ስበን አወጣናት። አዛውንቱ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «ልቀቀው እንጂ ገመዱን፤ ልጅቱ ወጥታለች» አሉኝ። ለካ በሁለት እጄ ጨብጬ እንደቆምኩ ነበር።

ቀለሙ ሲደርቅ ስለሚለወጥ ተክሏ የምትገለጸው እዚያው ትኩስ እንዳለች ነው። ልጄ ደብተሩን ሰጠችኝ፤ እሷ በማጉያው እያየች፣ በማስመሪያ እየለካች ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ከቅጠሉ ጠርዝ ጀምራ እስከ አበባው ጉሮሮ ድረስ ተናገረች። አንድ ቦታ ላይ «እጅግ ያማረ» እያልኩ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁ።

«አባዬ፣ ያልኩትን ብቻ።»

ያለችውን ብቻ ጻፍኩ። ጀርባዬን ፀሐይ እየሞቀኝ፣ ሰው ያዘዘኝን እየጻፍኩ፣ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።