ሽማግሌ ፊት የቀረበው ሀርድ ዲስክ

ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ ሐበሻ ሲያገባ ካሜራ የሚይዘው ያረጋል ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እሱኑ ይጠራል፤ ሥራውን ያውቅበታላ። የሙሽራዋ እኅት እንባ ገና ከዓይኗ ሳይወርድ ያየዋል፤ ሚዜዎቹ ሊጣሉ ሲሉ ካሜራውን ወደ ሌላ ያዞራል። አንድ ነገር ብቻ አለበት፦ ቂም ይይዛል። ቂም ስል ማኩረፍ ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ሙሽራ በሰው ፊት «አንተ ፎቶ አንሺ!» ብሎ አጨብጭቦ ጠራው። ያረጋል ሥራውን ሠርቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ሙሽሮቹን መርቆ ሄደ። ፊልሙ ሲደርስ ግን ሙሽራው በገዛ ሠርጉ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ሲጨፍር ኬኩ ይታያል፤ ቀለበት ሲያደርግ የሙሽራዋ ፊት ይታያል፤ ሲስቅ ጣሪያው ላይ የሚዞረው ማራገቢያ ይታያል። ሰውየው እስከ ዛሬ የካሜራው ችግር ይመስለዋል።

እንግዲህ ቢልልኝ የነካው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ሁለቱ ያገር ልጆች ናቸው። መተማን አብረው ተሻገሩ፤ ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ አብረው አጨዱ፤ ካርቱም ሲገቡም አንድ ፍራሽ ላይ ተጋድመው፣ ሲነጋ ሲሚንቶ አብረው ተሸከሙ። ወደ ሊቢያ ለማለፍ የነበራቸው ሐሳብ ውሎ አድሮ ሲቀር ያረጋል ካሜራ ያዘ፤ ቢልልኝ ደግሞ ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ስልክ፣ ቻርጀርና የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥባት ጠባብ ዱካን ከፈተ። ያረጋል ፊልሞቹን የሚያስቀምጥበት ሀርድ ዲስክ ሲሞላበት ወደ ማን ይሂድ? ወደ ቢልልኝ ነዋ። ቢልልኝም ፕላስቲኩ ያልተቀደደ ካርቶን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ «አዲስ ነው። ላንተ ባይሆን ለማንም አልሰጠውም ነበር፣ ወላሂ» አለው። ያረጋልም አመነው።

በአዲሱ ዕቃ ላይ መጀመሪያ ከጫናቸው ሥራዎች አንዱ የዘሊካ ኒካሕ ነበር።

ዘሊካ የወሎ ልጅ ናት፤ ቡሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። ስታገባ እሷ ካርቱም፣ አባቷ አገር ቤት ነበሩ። ታዲያ ማን ይዳራት? አባትየው ራሳቸው፣ በስልክ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ሼኹ ፊት ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። መስመሩ እየተንኮሻኮሸ አስቸገረ፤ ያረጋል ማይክሮፎኑን አምጥቶ ስልኩ ላይ በፕላስተር አጣበቀው። ሽማግሌው ከወዲያ ሆነው ልጃቸውን ዳሩ። ድረውም ስልኩን አልዘጉም፤ ዱዓ ጀመሩ። ወሎዬ ዱዓ ሲጀምር እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ለልጃቸው፣ ለባሏ፣ ገና ላልተወለዱት፣ ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ እዚያ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ፣ ማሽኑን ለያዘው ልጅም ጭምር አደረጉ። ክፍሉ ሙሉ «አሚን» ሲል ያረጋልም ከካሜራው ጀርባ አብሮ አሜን አለ። ሲጨርስ ፊልሙን ሀርድ ዲስኩ ላይ ገለበጠና የካሜራውን ሚሞሪ ለሚቀጥለው ሠርግ አጠፋው። ሁልጊዜ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ክረምቱ ሳይወጣ አባትየው ሞቱ። ዘሊካ ለቅሶ እንኳ መድረስ አልቻለችም። ለያረጋል ስትደውል የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

«ጭፈራውንም ቬሎውንም ተወው። አባዬ የተናገረበትን ብቻ ስጠኝ። ሌላ ድምፁ የለኝም።»

«እህቴ፣ ነገ መጥተሽ ውሰጂው» አላት።

ሊቀዳላት ሲል ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። ሀርድ ዲስኩ ከውስጥ ቀጭ ቀጭ አለ። ጠብቆ ጠብቆ ፋይሉን ሲከፍተው ምስሉ ተሰባበረ፤ ድምፁ ግን «ልጄ ዘሊካ፣ እንግዲህ» አለና ተቆረጠ። ደግሞ ሞከረ፤ ትንሽ አለፍ አለና እንደገና ቆመ። ያረጋል ከእነዚህ ዕቃዎች ጋር የኖረ ሰው ስለሆነ ነገሩ ወዲያው ገባው። ባድ ሴክተር ነው። ዲስኩ ውስጥ የተበላሹ ቦታዎች አሉ፤ አንዳንዱ ጨርሶ አይነበብም፣ አንዳንዱ ተለምኖ ተለምኖ ይነበባል። የዲስክ ጤና የሚያሳየውን ፕሮግራም ሲከፍት ደግሞ የባሰ ጉድ አገኘ። ይህ አዲስ የተባለ ዕቃ እሱ እጅ ከመግባቱ በፊት ሌላ ቤት ዓመታት ሲሠራ የኖረ ነው። አርጅቶ፣ ቀፎው ተቀይሮ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የመጣው።

እዚህ ላይ ልብ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ዕቃውን ሳያስጨንቅ፣ ቀስ ብሎ፣ የሚነበበውን መጀመሪያ ያወጣል። ያረጋል ይህን አላጣውም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ፊቱ ላይ ድቅን ያለችው ዘሊካ አይደለችም። ቢልልኝ ነው። «ላንተ ባይሆን» ያለበት አፉ። ደሙ ፈላ። ለዘሊካ ደውሎ፣ «ትንሽ ታገሺኝ። አባትሽ አሉልሽ፤ ‹ልጄ ዘሊካ› ሲሉ አሁን በጆሮዬ ሰማኋቸው» አላትና ዲስኩን ይዞ ወደ ካርቱም ሁለት ከነፈ።

ቢልልኝ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ካደ፤ ቀጥሎ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እሺ፣ ሌላ ልቀይርልህ» አለ።

«አልፈልግም።»

«እንግዲያው እዚህ ጀርባ ጂብሪል የሚባል አለ። እንዲህ ያለውን እያነበበ ያወጣል። እኔ ጋ ተወው፣ አሳይልሃለሁ።»

«ማስረጃውን? አንተ ጋ? እኔ የምፈልገው ሰው ፊት ሌባ ተብለህ እንድትቆም ነው፣ ቢልልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ዲስኩን እሱ ጋ አለመተዉ ልክ ነው፤ በዚህ አልፈርድበትም። ጂብሪል ግን ግድግዳው ማዶ ነበር። ያረጋል በደጁ አልፎ ሄደ።

ዓርብ ዕለት ጉዳዩ ጋሽ ምንዳዬ ልብስ ስፌት ቤት ቀረበ። ጋሽ ምንዳዬ ካርቱም ያረጁ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የጀሪፍ ሐበሻ ሲጣላ የሚዳኘው እሳቸውና ሁለት ጓደኞቻቸው ፊት ነው። የእነሱ ሸንጎ ደግሞ አንድ ሥርዓት አለው፦ በወሬ አይፈርድም። የተደበደበ ቁስሉን ያሳያል፤ የተበላሸ ዕቃ የተሸጠለት ዕቃውን እዚያው ፊታቸው ያስነሳል። ስለዚህ የያረጋል ላፕቶፕ ልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር የሚመረምር ፕሮግራም ጭኗል፤ ያልተበላሸውን ቦታ በአረንጓዴ፣ የሞተውን በቀይ አራት ማዕዘን ይስላል።

«ቆይ እስቲ» አሉ ጋሽ ምንዳዬ። «ውስጡ የልጅቷ አባት ዱዓ አለ አላልክም? መጀመሪያ እሱን አታወጣም?»

«ጋሽዬ፣ መጀመሪያ ፍርድ። ከነካካሁት አበላሽቶት ነው ይለኛል።»

ፕሮግራሙ ተነሣ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቀጭ አለና አንድ ቀይ። ሽማግሌዎቹ መነጽራቸውን አስተካክለው ተጠጉ። ቀይ በመጣ ቁጥር ያረጋል ስክሪኑን ሳይሆን ቢልልኝን ያያል። ቢልልኝ በእያንዳንዷ ቀይ ሲሸማቀቅ ያረጋል ልቡ ቅቤ ይጠጣል። ይህን ደስታ ሠርግ ላይ አግኝቶት አያውቅም።

ቢልልኝ ግን «ገመዱ ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቅ ሰው ላምጣ» አለና ቀጠሮ ተሰጠው። በሚቀጥለው ዓርብ ጂብሪልን ይዞ መጣ። ጂብሪል አባቱ ሐበሻ ነው፤ እሱ ግን እዚያው ካርቱም ተወልዶ ያደገ በመሆኑ አማርኛው ይሰባበራል። ገመዱን ቀየረ፤ ምርመራው እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ። ቀዩ ካለፈው በዛ። ጂብሪል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያረጋልን በክንዱ ያዘው።

«ያ አኺ፣ ኸላስ፣ አቁም። ይሄ ፕሮግራም ሁሉን ቦታ ይነካል። ዲስኩ ታማሚ ነው፣ አንተ ታስሮጠዋለህ። ለኔ ስጠኝ። ሹወያ ሹወያ፣ ቀስ ቀስ አነባለሁ፣ ያ ሽማግሌ ድምፅ ይወጣል ኢንሻላህ።»

«ከፍርዱ በኋላ እሰጥሃለሁ።»

«ከፍርድ በኋላ ምን ትሰጠኛለህ?» አለ ጂብሪል፤ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ።

በሦስተኛው ዓርብ ምርመራው ከግማሽ ሲያልፍ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ሁሉም ነገር ድርግም አለ። መብራቱ ሲመለስ ከመጀመሪያው ተጀመረ። ያ ሳያልቅ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዘግይቶ ደረሰና «እኔ በዓይኔ ሳላይ አልፈርድም» አለ፤ አሁንም ከመጀመሪያው። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎት ያረጋል ቤቱም ሆኖ ያስነሳዋል። ማንም አላዘዘውም። ቀዩ ሲረዝም ማየት፣ «ይኼ ሁሉ ያንተ ነው ቢልልኝ» ማለት ጥሞት ነው። ዘሊካ ስትደውል «ደርሷል፣ በዚህ ሳምንት» ይላታል። እሷም «አላህ ይስጥህ» ብላ ትዘጋለች።

በዚያው በሦስተኛው ዓርብ ቢልልኝ አልቻለም፤ ተነሥቶ ቆመ።

«አዲስ አይደለም። አውቅ ነበር» አለ። «ካርቶኑም የሌላ ነው። አጥፍቻለሁ።»

ባገር ቤት ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። ልብስ ስፌት ቤት ድንጋይ ከየት ይምጣ? ጋሽ ምንዳዬ ያንን ከባድ የከሰል ካውያቸውን ከጥግ አንሥተው ጫንቃው ላይ አስቀመጡለት። ቢልልኝ አንገቱን ደፍቶ፣ ካውያውን በሁለት እጁ ደግፎ ያረጋል እግር ሥር ቆመ። ያረጋልስ? ያረጋል ገና ቢልልኝ ሊናገር ሲነሣ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቁሞ ቀረጻውን ጀምሮ ነበር። ብርሃኑ እንዲመቸው ቢልልኝን «ትንሽ ወደ ግራ» ሁሉ ብሎታል። አስጎንብሶ አቆየው። ሽማግሌዎቹ «በቃ ልጄ፣ በቃ» ብለው ሲቆጡ ነው በከንፈሩ «ይቅር ብያለሁ» ያለው።

ያንን ፊልም እንደ ሠራው የማንንም ሠርግ አልሠራም። ላቡ፣ የሚንቀጠቀጠው ክንዱ፣ «አውቅ ነበር» ሲል የተሰነጠቀው ድምፁ፤ ከጀርባው መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ በቀይ የተሞላው ስክሪን። ለሚያውቀው ሁሉ በስልክ ላከው። ሰው ለሰው እያስተላለፈው ካርቱምን አዳረሰ። ቢልልኝ ዱካኑን ዘጋ፤ ኋላም ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ ተባለ። ያረጋል ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ለራሱ ሻይ አፈላ።

ሻዩን ጠጥቶ ሲያበቃ ዲስኩን ሰካ። ሁለት ጊዜ ቀጭ አለና ዝም። ነቅሎ ሰካው፤ ኮምፒውተሩ የተሰካበት ነገር መኖሩን እንኳ አላወቀም። ጂብሪል ጋ ይዞት በረረ። ጂብሪል ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና ዲስኩን መለሰለት።

ዘሊካ በዕረፍት ቀኗ ከቡሪ መጣች። ያረጋል የሚላትን አዘጋጅቶ ጠብቋታል።

«ቢልልኝ ነው እህቴ። አሮጌ ዕቃ ሸጦልኝ፣ የአባትሽን ድምፅ በላው። እኔ ግን ዝም አላልኩትም። ሽማግሌ ፊት አቁሜ አዋረድኩልሽ። ደምሽን መልሼልሻለሁ።»

«አይቻለሁ» አለች። «ጎረቤት ማዳም ቤት የምትሠራ ልጅ ልካልኛለች።»

ስልኳን አውጥታ ፊልሙን ከፈተችው። የቢልልኝ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፤ አንዲት ቃል አልጎደለም። አስቆመችው። ምስሉን በሁለት ጣቷ አሰፋችው፤ የቢልልኝን አንገት አለፈችው፣ ካውያውን አለፈችው፣ ከጀርባ ያለው ስክሪን ላይ ስትደርስ ተወችው። አሁን ስልኩ ሙሉ ቀይ ነው።

«ዲስኩን ያየ ጂብሪል የሚባል ልጅ አለ ብለውኝ፣ ሄጄ ጠይቄያለሁ» አለች። «ቀዩ የሞተው ነው አለኝ። መጀመሪያ ጥቂት ነበር አለኝ። ስትደጋግመው ነው እንዲህ የሆነው አለኝ። አንተም አባትሽን ሰማሁት ብለኸኛል።»

«ዘሊካ፣ እኔ ላንቺው ብዬ...»

«ለኔ አይደለም።» አልጮኸችም፤ ድምፅዋ ግን ሰው የሚያስበረግግ ነበር። «ከዚህ ሁሉ ቀይ አባቴ የቱ ነው?»



ስልኩን ወደ እሱ ዘረጋችለትና፣ «ጣትህን አድርግበት» አለችው።