ብርቄ በሃምሳው ከሳች

ብርቄን ቁጭ ብላ አየኋት የሚል ሰው በእስቴዋ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ውስጥ ቢገኝ ሐሰተኛ ምስክር ነው። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው ምግብ ቤቷ ወንበር የሚገዛው ለደንበኛ ነው። እሷ ከጓዳ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓዳ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ስትመላለስ ይመሻል። እንዲህ የምትሮጥ ሴት በምን ወፈረች ለሚል መልሱ ማንኪያው ነው። የቤቱ ወጥ ሁሉ በእሷ ምላስ ሳያልፍ አይወጣም። ከምስሩ ትቀምሳለች፤ ከጥብሱ ትቀምሳለች፤ ጨው በዛ ብላ ትቀምሳለች፤ አልበዛም ለማለት ደግሞ እንደገና ትቀምሳለች። ማታ ላይ «ዛሬ እህል በአፌ አልዞረም» ስትል ታዲያ ከልቧ ነው።

ከተማው በዚህ ደስተኛ ነበር። ብርቄን ያየ ሜኑ አይጠይቅም። የደብረ ታቦር ሾፌሮች ገና ከመኪናቸው ሳይወርዱ በመስኮት አይተዋት ቀበቷቸውን ያላላሉ ይባላል። ሁዳዴን ጾማ ወፍራ የወጣች ብቸኛዋ ምእመን እሷ ናት የሚሉም አልጠፉም። ነገሩ ተአምር አልነበረም፤ ከቅዳሴ መልስ የሚቀርብላት በዘይት የራሰ ድንች፣ የጎማ ያህል አምባሻና ማንኪያ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ስኳራም ሻይ ነበር።

በዚያው በሁዳዴ ማለቂያ ጉልበቷ አቀበት አልወጣ ቢላት ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ማስተዋል ጉልበቷን ትታ ጣቷን ወጋች።

«የጠዋት ስኳርዎ ከፍ ብሏል፣ እትዬ ብርቄ። ገና በሽታ አልሆነም፤ ጫፉ ላይ ነዎት።»

ለእስቴ ሰው ጫፍ ማለት ገደል ነው። ብርቄ ወለሉ የተናደባት መሰላት። እናቷ በስኳር እግሯ ተቆርጦ፣ ከአልጋ ወደ በር በሰው ትከሻ ስትወጣና ስትገባ ነው የሞተችው። ብርቄ መሞትን ብዙም አትፈራም። የምትፈራው መቀመጥን ነው።

«ከክብደትዎ ጥቂት ቢቀንሱ ይመለስ ይሆናል» አለች ማስተዋል። «ጰራቅሊጦስ ሲያልፍ ይምጡና እንለካዋለን።»

ብርቄ ጥቂት የሚባል ነገር አታውቅም። እቤቷ ሳትደርስ ስልኳን ከፍታ፣ በሳምንት ሸንቃጣ እንሁን የምትል አንዲት ሸንቃጣ አገኘች። ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ጠዋት ሎሚ፣ ማታ ሎሚ። ከተማው ውስጥ ሎሚ ተወደደ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰላሳ ዓይነት ሽታ እየተንከባለለ አፍንጫዋን ሲደበድባት ጥርሷን ነክሳ ቻለችው፤ በመጨረሻ ግን ዓይኗ ጨለመና የበርበሬ ጆንያ ላይ ተዘረጋች። እሷን ሊያነሳ የተሰበሰበው ደንበኛ እስከ ማታ ሲያነጥስ ዋለ።

«ማን ይራቡ አለዎት?» አለች ማስተዋል፣ ግሉኮሱን እየሰካች። «ይህ ውፍረት በዓመታት የገባ ተከራይ ነው፤ በሳምንት ውጣ ቢሉት ዕቃዎን ሰብሮ ነው የሚወጣው። ቁርስዎን ይብሉ። እንጀራውን ግማሽ፣ ክኩንና ጎመኑን ከፍ፤ ጾሙ ሲፈታ እንቁላልም ይጨምሩ። ዘይቱን በማንኪያ እንጂ በጀሪካን አያፍስሱ። የሻዩን ስኳር ይተዉት። ደግሞ በየቀኑ ይራመዱ።»

«እኔ መቼ ቆሜ አውቃለሁ?»

«ከድስት ወደ ድስት አይደለም፤ ቀጥ ብለው፣ ሳይቀምሱ።»

ለባሏ ለዋለ አልነገረችውም። ዋለ እህል ነጋዴ ነው፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ሱቅ ይገባል። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ «በሽታ» የሚል ቃል ከሰማ ሕመምተኛው ሳይተኛ ድንኳን የሚተክል መሆኑ ነው። ስለዚህ ብርቄ በዝምታ ከትልቁ ትሪ ተነስታ ለብቻዋ በትንሽ ሳህን መብላት ጀመረች፤ እዚያ ትሪ ላይ ግማሽ እንጀራ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅማ።

እርምጃው ግን አስቸገረ። መካነ ኢየሱስ ላይ ወደ የትም ሳትሄድ የምትሄድ ሴት አንድ ነገር ጠፍቶባታል ማለት ነው። «ምን ጠፋብሽ?» ይሏታል። አንድ ቀን ዝም ብትላቸው ጎረቤቱ ተሰባስቦ ዶሮዋን ሲፈልግላት አረፈደ፤ አገኙላትም፤ የእሷ አልነበረችም። በመጨረሻ የወረዳው ፍርድ ቤት አጥር ዙሪያ ታያት። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ከዚያም በላይ እዚያ የሚንቆራጠጥ ሰው ብርቅ አይደለም። ቀጠሮ የሚጠብቅ ሁሉ ይዞራል፤ ብርቄም አብራ ትዞራለች፤ የሚጠይቃት የለም።

እንዲህ እያለ በዓለ ሃምሳ ገባ። ረቡዕና ዓርብ እንኳ ጾም የለም፤ አገሩ በሙሉ አፉን ወደ ሥጋ አዙሯል፤ ብርቄ ግን በቀስታ መክሳት ያዘች። ደንበኞች ተረበሹ። «ባለቤቷ የማትበላው ቤት ምን ተገኝቶበት ነው?» እያሉ ወጡን በጥርጣሬ ያገላብጣሉ። ብርቄ ሌሊት ተነስታ ወገቧን ትለካለች፤ ቀሚሷን ታጠብባለች፤ ቀን ስትደክም ደግሞ፣ ይህ ሁሉ ለከንቱ ቢሆንስ ትላለች፤ ወዲያው የእናቷ ባዶውን የቀረ አንድ እግር ጫማ ይመጣባትና ወደ አጥሩ ትሮጣለች።

ከዕለታት ባንዱ ደጊቱ፣ የዋለ እህት፣ የድንበር ክርክር ኖሯት ከአርብ ገበያ ከተማ መጣች። ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ሆና ብርቄን ከሩቅ ስታያት፣ ሁለት ኮረብታ በሚያሻግር ድምፅ ጮኸች፦

«ብርቄ! ከሳሽ!»

በሩ ላይ ጫማ የሚሰፋው እንየው ቀና አለ። እዚያ በር ላይ ይህ ቃል ቀኑን ሙሉ ሲጠራ ይሰማል፤ ከሳሽ፣ ተከሳሽ። መርፌውን ጫማው ላይ ተክሎ ወደ ዋለ ሱቅ በረረ።

«ጋሼ ዋለ፣ ሚስትዎ ፍርድ ቤት ናት። ከሳሽ ተብላ ስትጠራ በጆሮዬ ሰማሁ።»

ዋለ ሚዛኑ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ነገር ተገጣጠመለት። ጠዋት ጠዋት ሳትናገር መውጣቷ፣ ሌሊት መነሳቷ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያች ትንሽ ሳህን። «አልጋ ሳትለይ መሶብ ለየች!» ብሎ አለቀሰ። እሑድን ጠብቆ በግ አረደና ሽማግሌ ሰበሰበ። አለቃቸው ከቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የመጡት መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነበሩ።

«ልጄ ብርቄ፣» አሉ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ትዳር ነው፤ ይብቃሽ።»

«ምኑ የኔታ?»

«ከሳሽ መባልሽን ሰምተናል።»

«እሱማ ያየኝ ሁሉ ይለኛል» አለች ብርቄ ፈገግ ብላ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አለማፈሯ ደነቃቸው።

«ታዲያ ተዪው እንጂ!»

«እንዴት አድርጌ? ገና ግማሽ ነው። ማስተዋልም በርቺ ብላኛለች።»

«ጠበቃም ይዛለች!» አለ ዋለ፣ ራሱን ይዞ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ጠየቁ መሪጌታ።

«ከፋሲካ በፊት። መጀመሪያ ቸኩዬ ወድቄ ነበር፤ አሁን በደንቡ ነው የያዝኩት።»

«ወድቆባት ይግባኝ ብላለች!» ዋለ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። «ምን በደልኩሽ፣ አንቺ ሴት? በግ አርጄልሽ!»

«የምን ይግባኝ? ሰክረሃል?»

በዚህ መሀል ለቀጠሮዋ ከተማው የሰነበተችው ደጊቱ የጥብሱ ሽታ መርቷት ገባች። ነገሩን ስትሰማ እጇን አገጯ ላይ አደረገች።

«ወይ ጉድ! እኔ ነኝ እኮ ከሳሽ ያልኳት! አንገቷ ወጥቶ ባይ ጊዜ!»

መሪጌታ ጣታቸውን አነሱ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲያርሙት የኖሩት ስሕተት እዚህ መጣላቸው።

«ቆይ። ስትጠሪያት ቃሉን አጥብቀሽ ነው አላልተሽ?»

«አጥብቄ ነው እንጂ የኔታ! ከሳሽ! ቀጠንሽ ማለቴ ነው።»

«በሉ እንግዲህ!» አሉ መሪጌታ ወደ ዋለ ዞረው። «ሲጠብቅ ሥጋዋ ጎደለ ነው፤ ሲላላ ችሎት ቆመች ነው። አንድ ፊደል ሳይለወጥ ቤት ልታፈርስ ነበር። አንተ ልጅ፣ ዳዊት ሳትደግም ነው እንዴ ያደግኸው?»

ሳቁ ጣራውን አነሳው፤ ሁለት ብርጭቆ ጠላ ተደፋ። ዋለ ግን ጋቢውን ከፊቱ አወረደ።

«ቆይ እንጂ ብርቄ፤ ታዲያ ለምን ትከሻለሽ? አሞሽ ነው?»

ብርቄ ልትነሳ ቃጣት፤ መንገዱን የሽማግሌ ጉልበት ዘግቶታል። «ስኳሩ እየመጣ ነው» አለች በመጨረሻ። «ገና አልያዘኝም። እናቴን በጀርባህ አዝለህ መኪና ያሳፈርካት አንተ ነህ። እንደዚያ እንዳታዝለኝ ብዬ ነው።»

ዋለ ድንኳን አልተከለም። እጁ በልማድ ከትሪው የጡጫ ያህል ጉርሻ ጠቅልሎ ኖሯል፤ ያንን አየው፣ እሷን አየ፤ ፈትቶ ፈትቶ ከቀዩ ሥጋ ቁራሽ ብቻ አስቀርቶ አጎረሳት። እሷም በላች፤ ጣፈጣት። ሌሎቹ ለማጉረስ ሲሰለፉ ግን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

በግ ተበልቶ ሳይፈረድ መነሳት ነውር ስለሆነ መሪጌታ ፈረዱ፤ ዋለ በማለዳ ሚስቱን ተከትሎ አጥሩን ይዙር። ዋለ በማግስቱ ዞረ። ሲተነፍስ ቀጠሮ የሚጠብቁት ሁሉ መንገድ ይለቁለት ነበር።

ጰራቅሊጦስ አለፈ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ብርቄ ከማስተዋል ቀድማ በሩን ከፍታ፣ ከማስተዋል ቀድማ ጣቷን ዘረጋች።

«ወርዷል» አለች ማስተዋል መሣሪያውን እያየች። «እሰይ! ከሚያሰጋው በታች ሆኗል።»

«ዳንኩ? አበቃ?»

«ወርዷል አልኩ እንጂ አበቃ አላልኩም። አሁን የያዙትን መያዝ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እንዲሁ ነው እንግዲህ፤ እየኖሩ።»

ብርቄ በረጅሙ ተነፈሰች። ደስታውም ንዴቱም እኩል መጣባት፤ አንድ እርምጃ ወደ በሩ፣ አንድ እርምጃ ወደ ማስተዋል እየረገጠች ቆየች። ከኋላዋ ዋለ እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱን ዘርግቶ ቆሟል።

«የእኔንም እይው እስቲ፣ የኔ ልጅ።»

ማስተዋል ወጋችው። መሣሪያውን አየች፤ ዋለን አየች፤ ጥጡን ለመፈለግ ብላ ትንሽ ዘገየች። ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ቁጥሩ ከራሷ መብለጡን ያየችው ብርቄ እጇን ያዘቻት።

«ተዪው» አለች፣ የባሏን ክንድ ወደ ራሷ እየሳበች። «እኔ በመንገድ ላይ እነግረዋለሁ።»