ቃሬዛ የሚያነሳ የጠፋበት አገር

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ፣ ከሰፈራችን ሀና ማርያም የወጣሁት እናቴ ልካኝ ነው፤ ታላቅ ወንድሟን ጋሼ ተክሌን ይዤ እንድመጣ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ደጋው ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። «እሺ ሳያሰኚው እንዳትመለሺ» ብላኛለች።

መንገድ

ላምበረት መናኸሪያ ማልጄ ተሳፈርኩ። ደብረ ብርሃን ሻይ በዳቦ ቀማምሼ፣ ወደ ወረዳቸው በሚሄድ ሚኒባስ ከስኳር ጆንያና ከሁለት ዶሮ ጋር ተጣብቄ ተጓዝኩ። ረዳቱ ዋጋ ጨመረብኝ፤ ለምን ስለው ስኒከሬን አይቶ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።

በልጅነቴ ገብስ ሲዘናፈልበት ያየሁት ማሳ ባሕር ዛፍ ሆኗል። መንገድ ላይ ያገኘኋት የጋሼ ጎረቤት አስካለ፣ የሚያርስ ስለጠፋ ነው አለችኝ፤ ባሕር ዛፍ በሬም ሰውም አይጠይቅም። ቤቶቹማ አምረዋል። ዓረብ አገር ያሉት ሴት ልጆች በላኩት ብር ቆርቆሮ ለብሰዋል። ግን በየደጁ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፣ ጭስ የሚወጣው ከጥቂቱ ብቻ ነው። ወንዶቹ አዲስ አበባ ሕንፃ ሥራ ላይ ናቸው፤ ሰፈራችን አጠገብ፣ ለቡ መብራት ኃይል፣ ሲሚንቶ ነጭ ያደረጋቸውን ልጆች ስንቴ አልፌያቸው ይሆን?

አስካለ የመጣሁበትን ስትሰማ፣ «አንቺ ደግሞ ያለንን ሰው ልትወስጂብን ነው?» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ቀብር

ጋሼ ቤት ባደርኩ በማግስቱ አንዲት የሰፈሩ አሮጊት አረፉ። ቃሬዛውን አራት ሰው ነው የሚያነሳው፤ የተገኙት ሦስት ናቸው። ጋሼ ተክሌ፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌና ወገቡን የሚያመው ሰው። ቄሱ ቆመው ጠበቁ። ወደ ሴቶቹ ማንም አላየም፤ በአገሩ ሴት አስከሬን አትሸከምም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ አራተኛውን ጫፍ ያዝኩ።

«አይ ስኒከር፣ እንዳታንሸራትቺን» አለች አስካለ ከኋላዬ። ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ዳገቱ ላይ ደጋግመን አሳረፍናቸው።

ስንመለስ እናቴ ስላሰናዳችላቸው ክፍል ለጋሼ ነገርኳቸው፤ መብራት እንዳለው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ እንደሆነ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ከሄድኩ ቃሬዛው በሁለት ሰው ይነሳል?»

«እርስዎንስ ማን ያነሳዎታል፣ ጋሼ?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው» አሉና ለመንገዴ ቆሎ ቋጠሩልኝ።

ቤቴ

ብቻዬን ተመለስኩ። ሀና ማርያም የታክሲው ሰልፍ መንገዱን ሞልቶታል፤ ያን ሁሉ ትከሻ ቆሜ አየሁት። እናቴ በሩን ከፍታ ከኋላዬ ሰው ፈለገች። የሆነውን ስነግራት አላለቀሰችም፤ ገብታ የተነጠፈውን አልጋ ገፈፈች። ቤት ሞልቶ አገር ባዶ እንደሚሆን ያወቅኩት በዚያ ጉዞ ነው።

ጋሼ ተክሌ በዚያው ዓመት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ጉልበቴ ሳይከዳኝ ብለው ከሚስታቸው መቃብር አጠገብ የራሳቸውን ጉድጓድ ቆፈሩ። ከብት እንዳይገባበት አፉን በእንጨት ረበረቡት።