ወስፌው የሚገባበት ቀዳዳ

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ፣ ወልቂጤ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሥራ የገባሁ ዕለት ቁስል የሚያክሙት ድሬሰሩ አቶ አየለ የካርድ ሣጥን፣ መቀስና ረጅም ወስፌ ሰጡኝ። የማታ ትምህርት ገና መጨረሴ ነበር፤ ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ በዕድሜ እበልጥ ነበር።

እያንዳንዱ ካርድ የአንድ በሽተኛ ነው። ጠርዙ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፦ አንዱ የወባ፣ አንዱ የንክሻ፣ አንዱ ከቸሃ ወረዳ ለመጡት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። በሽተኛው ወባ ካለበት የወባው ቀዳዳ በመቀስ እስከ ጠርዙ ይከፈታል። ካርዶቹን ደርድሮ በዚያ ቀዳዳ ወስፌ አሳልፎ ብድግ ሲያደርጉት የተከፈቱት ብቻ ይወድቃሉ።

መጀመሪያ ሲወድቁ ሳይ ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ አቶ አየለ።

«ራሳቸውን ለይተው ወጡ እኮ፤ ያለ ወንፊት።»

ወስፌው እንዳይስት ከካርዶቹ ፊት የሚቆም ባለ አንድ ቀዳዳ ሰሌዳ ነበረን፤ ቀዳዳው ከካርዶቹ የወባ ቀዳዳ ትይዩ ነው። ሁልጊዜ የምንጠየቀው የወባ በሽተኞችን ስለነበር፣ ሌላ ነገር ያወጣንበት ቀን አልነበረም።

አንድ ጠዋት ሥጋ ነጋዴው ጋሽ ከድር እያለከለኩ መጡ። ባለፈው ሳምንት ገበያ ውስጥ ሰዎች የነከሰች ውሻቸው አብዳ ሞታለች። የተነከሱት እኛ ጋ ቁስላቸው ታጥቦላቸው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ከጀመራቸው መድኃኒት የለውም፤ ሳይጀምራቸው የመከላከያውን መርፌ መውጋት ነው።

«ንክሻ አውጪ፣ ቶሎ» አሉ አቶ አየለ።

ደረደርኩ፣ ወጋሁ፣ አነሳሁ። ካርዱ ረገፈ። አቶ አየለ አንዱን አንስተው አዩ። «ይኼ ወባ ነው።» ሌላም አነሱ። «ይቺም ወባ።»

«የኔ ውሻ ወባ አልነበረባትም» አሉ ጋሽ ከድር።

ያን ጊዜ ገባኝ። አፌ ንክሻ ይላል፣ ሰሌዳው የሚያውቀው ወባን ብቻ ነው።

«መጋዝ አለ?» አልኩ።

«ሰሌዳውን ልትሰብሪው?»

«ቀዳዳውን ላስረዝመው።»

አቶ አየለ ራሳቸው ያዙልኝ፤ ቀዳዳውን ከዳር እስከ ዳር ከፈትኩት። ወስፌው የተጠየቀው ቦታ ላይ እንዲቆም የልብስ መቆንጠጫ ሰካሁበት። መቆንጠጫውን ንክሻ ላይ አድርጌ ወጋሁ፤ ጥቂት ካርድ ወደቀ። ከወደቁት መካከል የቸሃዎቹን ለመለየት እነሱኑ ሰብስቤ፣ መቆንጠጫውን ቸሃ ላይ አንሸራትቼ ደግሜ ወጋሁ። የቸሃዎቹ ወደቁ፤ የከተማዎቹ ወስፌው ላይ ቀሩ።

ጋሽ ከድር የቸሃዎቹን ስም ይዘው በቅሏቸው ላይ ወጡ። የከተማዎቹን እኛ በእግር ፈለግን። ከቸሃ የመጣች አንዲት ሴት «ቁስሌ ድኗል፤ ምን ሆናችሁ ነው ከእርሻዬ ያስነሳችሁኝ?» ብላ ተቆጣችን። መርፌው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አልለቀቅናትም። ሁሉም ተወጉ፤ አንድም ሰው አልታመመም።

ዛሬ ኮምፒውተር ላይ መረጃ የሚያጣሩ፣ በሥራ ያሠለጠንኳቸው ልጆች ሲያማክሩኝ ያንኑ ሰሌዳ አያለሁ። የሚጠየቀውን ዓምድ ስም በአንድ ተለዋዋጭ፣ ማለት ይዘቱ በሚቀያየር መያዣ፣ ይይዙና፣ ማጣሪያው ውስጥ የአንዱን ዓምድ ስም ቸንክረው ይጽፋሉ። ምንም ቢጠየቅ አንድ መልስ ይወጣል። ተለዋዋጩን በማዕዘን ቅንፍ [ ] ውስጥ አስገብተው፣ የሚነበበው ዓምድ ቁልፍ እሱ የያዘው ስም እንዲሆን ሲያደርጉ ይስተካከላል።

ጥያቄው የሚለዋወጥ ከሆነ ቀዳዳውን አትቸንክሩት።