አሚን ያላልኩበት ተሳቢ

መካነ ሰላም፣ ጋሽ ማሩ ጋራዥ በተቀጠርኩ ቀን የተሰጠኝ ሥራ ጎማ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ማጠብ ነበር። በናፍጣ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ግራሶ ከላይ ከላይ ለቅልቄ አቀረብኩ። ጋሽ ማሩ አገላብጠው አዩትና መልሰው ናፍጣው ውስጥ ጣሉት።

«የሙሽራ ፀጉር መሰለህ እንዴ የምትቀባው? ግራሶውን መዳፍህ ላይ አድርገህ ወደ ውስጥ ግፋው። በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ብቅ ካላለ አልገባም በል።»

ያን ቀን እጄ እስኪዝል ስገፋ ዋልኩ። እግዜር ይስጣቸው፣ እስከ ዛሬ እንጀራ የምበላው በዚያ ትምህርት ነው።

ስድስት ዓመት ያህል እንደሠራሁ ጋሽ ማሩ ዕቃ ሊገዙ ደሴ ሄዱ፤ ጋራዡንም ስማቸውንም አደራ ብለውኝ። በዚያው ቀን እህል ነጋዴዋ እትዬ ከድጃ አዲስ የትራክተር ተሳቢ አስጎትተው መጡ። በማግስቱ ወደ ከላላ ገበያ ሊሄድ ነው። የሚነዳው ልጃቸው ነው፤ ሲመለስ ደግሞ ጆንያው ላይ ሰው መቀመጡ አይቀርም።

«አዲስ አይደለም እንዴ? ምኑ ይፈታል?» አሉኝ ጎማው ሁሉ ይፈታ ስላቸው።

«አዲስ ስለሆነ ነው እትዬ። ኩሽኔታው ላይ ያለው ቅባት እንዳይዝግ ያህል የተለቀለቀ ነው፤ ጭነት አይችልም።»

በክሪክ እያነሳሁ አራቱንም ጎማ ተራ በተራ ፈታሁ። አጠብኩ፤ ግራሶ ገፋሁ፤ ኩሽኔታውን የሚይዘውን ዳዶ አጥብቄ ጎማው በእጅ ሲሽከረከር እስኪቀለው ትንሽ መለስኩ፤ እንዳይላቀቅ መቆለፊያ ሽቦውን ሰካሁ፤ ክዳኑን መታሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ የአቀስታ ሚኒባስ ባሌስትራው ተሰብሮ ከነተሳፋሪው ደጃችን ቆመ። ሹፌሩ ይለምናል፣ ተሳፋሪው ይጮሃል። ወዲያና ወዲህ እየተሯሯጥኩ ሁለቱንም ጨረስኩ።

ጠዋት ለተሳቢው ዱዓ ሊደረግ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። እንደ አገራችን ወግ ክርስቲያኑም እስላሙም እጁን ዘረጋ። የሰፈራችን ሼህ «ያ ረቢ፣ የወጣውን በሰላም መልሰው» ሲሉ ሁሉም «አሚን» አለ። እኔ አቃተኝ። አራተኛው ኩሽኔታ ላይ ግራሶ መግፋቴን ባስብ ባስብ ትዝ አልል አለኝ።

«አንተ ልጅ፣ አሚን አላልክም» አሉኝ ሼሁ።

«ሼህዬ፣ አንዱን ጎማ መልሼ ልፍታው። ግራሶ ማስገባቴን እርግጠኛ አይደለሁም።»

«ዱዓ ተይዞ? በሰው ፊት?» ብለው እትዬ ከድጃ ተቆጡ። ልጃቸው ትራክተሩን አስነስቶ ነበር። ከዚህ በኋላ ማን እኛ ጋ መኪና ያመጣል ብዬ በጣም ፈራሁ።

«አብሽር፣ ፍታው» አሉኝ ሼሁ። «አላህ አይቸኩልም፤ እኛ ነን የምንቸኩል።»

ክዳኑን ፈታሁ። ግራሶው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰዉ ሳቀብኝ። እኔ ግን ዳዶውን በጣቴ ስነካው ዞረ፤ መቆለፊያ ሽቦው የለም። ዝም ብዬ ሰክቼ ክዳኑን ብመልስ ማንም አያውቅብኝም ነበር።

«እትዬ፣ ግራሶውስ አለ» አልኳቸው። «የረሳሁት ይሄን ነው። ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ይወጣ ነበር።»

ዳዶውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ድምፃቸው ተለወጠ። «ወላሂ፣ ካንተ ሌላ ማንም አይነካውም» አሉኝ። ቃላቸውንም አላጠፉም። ጋሽ ማሩ ሲመለሱ ጥፋቴን ራሴ ነገርኳቸው፤ የሚሰድቡትን ያህል ሰደቡኝ፣ ከሥራ ግን አላባረሩኝም። ሁለቱንም ሳመሰግን እኖራለሁ።

ያን ጠዋት ሽቦው ከገባ በኋላ ሼሁ ዱዓውን ከመጀመሪያው ጀመሩ። በሥራ መሃል የተጠራ ሰውም ሲመለስ ካቆመበት አይቀጥል፤ ፈትቶ ከመጀመሪያው ይጀምር።