«ቀልብህ እንዴት ነው?»

አባቴን አንድ ቃል ገደለው ብል ሐኪም ይስቅብኛል። «ልቡ ነው፣ ደም ስሩ ነው፣ ግፊቱ ነው» ይለኛል። ልክ ነው፣ አልከራከርም። ቃሉን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የፈለገ ይሳቅብኝ።

አባ በየመን፣ በዓደኑ መዓላ ወደብ ክሬን ሲነዳ ነው ያረጀው። ከወሎ በልጅነቱ መጥቶ፣ ሁጀይፍ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ይዞ፣ እኔን ወልዶ እናቴን ቀብሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም መስኮቱን ወደ መርከቦቹ ከፍቶ የሚውል ሰው ነበር። ዓረብኛው እንደ ማንኛውም የዓደን ሽማግሌ ነው። ከእኔ ጋር ግን አማርኛ ብቻ። «ዓረብኛሽን ለገበያ፤ እኔን በቋንቋዬ አናግሪኝ» ይለኛል። እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግኩ ነኝ፤ አማርኛዬ እንደ ሾርባ ነው፣ የሌለበት የለም። በተለይ በሽታና ወረቀት ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ በዓረብኛ ነው የሚጠራው። ስኳር ሱከር ነው፣ ግፊት ደግጥ ነው፣ ካንሰር ሰረጣን ነው።

ፕሮስቴቱ ላይ ሰረጣን እንዳለ ሲነገረው አልደነገጠም። «ሁሉም ከአላህ ነው» አለና ሻዩን ጨረሰ። የደነገጠው መርፌው ሲነገረው ነው። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ትዕግሥት ያለው። ዕጢው የሚመገበው የወንድ ሆርሞን ነው፣ በየሦስት ወሩ ሆድህ ላይ የምንወጋህ መርፌ ያንን ያደርቀዋል፣ በሽታው ይራባል፣ ብሎ አስረዳው። ይኼ ደህና ነበር። ቀጥሎ ስለ አልጋ ነገር መናገር ጀመረ። አባ እኔን አየኝ፣ ወለሉን አየ፣ ከዘራውን አነሳና «ውጭ እጠብቅሻለሁ» ብሎ ወጣ። በሴት ልጁ ፊት እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ አያውቅም። እኔም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ሐኪሙ የቀረውን ለእኔ ነገረኝ። ትልቁ ነገር ደግሞ የቀረው ውስጥ ነበር። መርፌው ልብንና ደም ስርን ሊጎዳ ይችላል፤ እንደ አባትሽ ግፊት ያለበት ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ስቡና ሱከሩ ሊጨምር ይችላል፣ እንለካዋለን። በእግሩ ይሂድ፣ ጨው ይቀንስ፣ ጫት ይተው። ደረቱን ከጨነቀው ወይም ትንፋሽ ካጠረው በዚያው ቀን አምጪው። ስወጣ በዓረብኛ «ቀልቡን ጠብቂ» አለኝ። በዓረብኛ ቀልብ ልብ ነው፤ ይኼ ደረታችን ውስጥ የሚመታው ሥጋ። እሺ አልኩት።

ባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን «ምን አለሽ?» አለኝ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

ምን ልበለው? ወንድነትህ በመርፌ ሊደርቅ ነው ለተባለ ሰው፣ ድንጋጤው ሳይለቀው «ልብህም ይደክማል» ልጨምርበት? በእኛ ቋንቋ ልብ የሌለው ወንድ ማለት ምን እንደሆነ ማን ያጣዋል! አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ለስለስ ይበልለት ብዬ የዓረብኛውን አነሳሁ።

«አባ፣ መርፌው ቀልብህን ያደክመዋል አለ። ጫት ተው፣ እግርህን አፍታታ። ቀልብህ ላይ ትንሽ እንኳ የተለየ ነገር ካየህ ዛሬ ነገ ሳትል ንገረኝ።»

«ቀልቤን?» አለና ከዘራውን ጉልበቱ መሀል አቆመ። «እሱስ ከባድ ነው» አለ።

ገባው ብዬ እፎይ አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔ ቃል ገደል መግባቱን ለማወቅ ግን ወራት ፈጀብኝ።

እኔ የምኖረው ኢንማ የሚባለው የዓደን ሰፈር ነው፤ ከሱ ቤት ሁለት ባስ ያስይዛል። በየጁምዓው ሩዝና ዓሣ ሠርቼ እሄዳለሁ። ጨው ስለሌለው «የሆስፒታል ዓሣ» ይለዋል፣ ግን ይበላዋል። ገና በሩ ላይ ቆሜ «ቀልብህ እንዴት ነው?» እለዋለሁ።

«አልሐምዱሊላህ፣ እንደ ድሮው ነው!» ይለኛል በኩራት። አንዳንዴ ማስረጃም ይጨምርበታል። ከቁርኣን ያሲንን አንድ ፊደል ሳይስት መቅራቱን ይነግረኛል። ወይም እንግሊዞቹ ለወደቡ ትተውት የሄዱትን የክሬን ምልክት፣ «ሆይስት! ሎወር! ስሎው! ስቶፕ!» እያለ በእጁ ያሳየኛል፣ አንዱንም ሳያጓድል። ሽማግሌው ወደቡ ናፍቆት ነው እልና እስቃለሁ። እሱም ይስቃል።

መርፌው ሙቀት ለቀቀበት። መብራት በጠፋበት የዓደን ሐምሌ ደግሞ የማያልበው ማን አለ? በካርቶን ቁራጭ እያራገበ «እናትሽ ዕድሜዋ ገፍቶ ሙቀት ሲለቅባት አፌዝባት ነበር፤ ይኸው አላህ አቀመሰኝ» ይላል። ሆዱ ገፋ። እግሩ አብጦ የነጠላ ጫማው ማሰሪያ አልደርስ አለ፤ «ሙቀት ነው» አለኝ፣ ሙቀት ነው አልኩ። ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት መስጊድ መውረዱን ትቶ ቤት መስገድ ጀመረ። ሰውነቱ ተለውጦ ከእኩዮቹ አፈረ ብዬ አዘንኩለት። ደረጃው አቅቶት ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ያን ደረጃ አብሬው ብወጣ ኖሮ ትንፋሹን እሰማው ነበር። እኔ ሁልጊዜ ስመጣ እሱ ላይ ቤት ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

የተጣላነው በጫት ነው። መጀመሪያ ትቶት ነበር። ከዚያ ከበፊቱ ብሶበት አገኘሁት፤ ከምሳ በፊት ጉንጩን ነፍቶ! «ሐኪሙ ተው አላለህም? ደንቆሮ ነህ እንዴ?» አልኩት። አባቴን! ምላሴን ይቁረጠው።

«አንቺ አታውቂም፣ ተይኝ» አለኝ።

«እንግዲያው ያሻህን ሁን!» ብዬ በሩን ወርውሬበት ወጣሁ። በሚቀጥለው ጁምዓ አልሄድኩም። በስልክ ብቻ፣ በኩርፊያ ድምፅ፣ «ቀልብህስ?» አልኩት። «ደህና ነው። ዓሣሽ ቀረብኝ» አለኝ። እኔ እልኸኛ ነኝ፣ ስልኩን ዘጋሁ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ጎረቤቱ ደወለችልኝ። ደረጃው መሀል ላይ ተቀምጦ፣ የገዛው ዳቦ ጉያው ውስጥ እንዳለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ አግኝተውታል። ሆስፒታል ስደርስ ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጥፎበት ተኝቷል። የልብ ሐኪሟ ልቡ ክፉኛ ተጎድቷል አለችኝ። ወደሱ ዞራ በዓረብኛ «ደረትህን መቼ ነው የጀመረህ?» አለችው።

«ወር አልፎታል። ደረጃ ስወጣ ድንጋይ ይቀመጥበታል፣ አረፍ ስል ይተወኛል» አላት፣ ስለ ጥርስ ሕመም እንደሚያወራ።

ጮህኩ። «አባ! በየሳምንቱ ስጠይቅህ ደህና ነኝ ስትለኝ አልነበር?»

«ምን ብለሽ ጠየቅሽኝ?»

«ቀልብህን ነዋ!»

«ቀልቤማ ደህና ነው» አለኝ። እጁን ቀስ ብሎ አነሳ፤ ወደ ደረቱ አይደለም፣ ወደ ግንባሩ። «አንድ ነገር አልረሳሁ፣ አንድ ነገር አልሳትኩ። የክሬን ሰው ቀልቡ ከሄደ ምን ይቀረዋል? ከሥር ሰው ይቆማል እኮ። ቀልብህን ያደክመዋል ካልሽኝ ጀምሮ ስፈትነው ነው የከረምኩት።» ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ። «ጫቱንስ ለምን የጨመርኩት መሰለሽ? ቀልብ የሚሰበስበው እሱ ነው ብዬ እንጂ።»

ሐኪሟ ምን እንደተባባልን ጠየቀችኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ለአበሻ ሁሉ ሳስተረጉም የኖርኩት ሴት አንድ ቃል መተርጎም አቃተኝ።

«የዓረብኛውን ቀልብ ነው ያልኩህ፣ አባ። ልብህን ነው።»

አየኝ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በተቆጣኝ። ሳቁ መጣበት፣ ሳቁ አመመው። «በአማርኛ ነገርሽኝ፣ በአማርኛ ሰማሁሽ» አለኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ «ልብህ ብትዪኝ ምን ነበረበት?» አለ።

ምን ነበረበት? ምንም። እሱ ይችለው ነበር። ያንን ሁሉ ዓመት ሰው አናት ላይ ብረት ሲያንጠለጥል የኖረ ሰው አንድ ቃል አይጥለውም። ያልቻልኩት እኔ ነኝ። ለሱ የተጨነቅሁ መስሎኝ ለራሴ አፍሬ ነበር።

ሐሙስ ሞተ።

ቤቱ በሐዘንተኛ ሞላ። የወደብ ጓደኛው ሚስት፣ ያሳደገችኝ የወሎ አሮጊት፣ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። «አታልቅሺ ልጄ። ስንቱ በዚህ ዕድሜ የገዛ ልጁን አያውቅም። አባትሽን አላህ ወዶታል፣ ቀልቡን ሳይስት ነው የወሰደው» አለችኝ። ሌሎቹም «ወላሂ እውነት ነው፣ ቀልቡ ሙሉ ነበር» እያሉ ተቀበሏት። አሚን አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ? ቀልቡን ጠብቂ ተብዬ ነበር፤ ይኸው ጠበቅሁለት።